ደስ ባለኝ ቀን ነው የከሰርኩት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። ባንክ የሄድኩት ዐርብ ዕለት ደውለው «ከውጭ ገንዘብ ገብቶልዎታል፤ ውሉንና ኢንቮይሱን (የክፍያ መጠየቂያውን) ይዘው ብቅ ይበሉ» ስላሉኝ ነው። ገንዘቡ 2,300 ዶላር ነው፤ የሁለት ወር የትርጉም ሥራ ክፍያዬ። ረፋዱ ላይ ደርሼ ተራዬን ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት ስልካቸውን ዘርግተው «ልጄ፣ እስቲ አንብቢልኝ፤ መነጽሬን ረስቼ ነው» አሉኝ። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከእንግዲህ በገበያ ይወሰናል ማለቱን የሚገልጽ ዜና ነበር። አነበብኩላቸው። «ታዲያ ይሄ ጥሩ ነው መጥፎ?» ሲሉኝ «አባባ፣ እኔ ምኑን አውቄው» አልኳቸው።

ተራዬ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስቀርብ ልጁ ኮምፒውተሩን እያየ ፈገግ አለ። «ዕድለኛ ነዎት። ዐርብ መጥተው ቢሆን በ57 ነበር የሚመነዘርልዎ፤ ዛሬ 74 ገብቷል።» በወረቀት ጻፈልኝ፦ 74.73። የዐርቡ 57.48 ነበር። በአሮጌው ዋጋ 132,204 ብር የማገኝበት ገንዘብ 171,879 ሆነ። ቁጭ ባልኩበት ወደ 40 ሺህ ብር ጨመረልኝ ብዬ እጄ እየተንቀጠቀጠ ፈረምኩ። ወደ ቤት ስመለስ አንድ ኪሎ ሥጋ ገዛሁ፤ በአዘቦት ቀን።

በዘጠነኛው ቀን፣ ነሐሴ 1፣ ብሔራዊ ባንክ ለባንኮች ልዩ የዶላር ጨረታ አወጣ። 27 ባንኮች ተሳተፉ፤ አማካይ ዋጋው 107.9 ብር ሆነ። እሱ በባንኮች መካከል ነው ብዬ ልጽናና ስሞክር፣ ያው ወር ሳያልቅ ባንኮች ከደንበኛ የሚገዙበትም ዋጋ 100ን አለፈ። ያ 2,300 ዶላር ጥቂት ቀን ቢዘገይ ቢያንስ 230,000 ብር ነበር። ሥጋዬን የበላሁት 58 ሺህ ብር ከስሬ ነው ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው በቅርቡ ከውጭ ደንበኛ ጋር መሥራት የጀመሩ ልጆች አዘውትረው ስለሚጠይቁኝ ነው። ተርጓሚው፣ ፕሮግራም ጸሐፊው፣ ዲዛይን የሚሠራው፣ ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዶላር ስንት የሚደርስ ይመስልሻል?» ነው። እኔ አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰውም አላጋጠመኝም። ሰባት ዓመት በዶላር እየሠራሁ በብር ስኖር የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ የጎዳኝ የዋጋው መውጣትና መውረድ ብቻ አለመሆኑን ነው። ይበልጥ የጎዳኝ ዋጋ በቆረጥኩበት፣ ገንዘቡ በገባበት፣ በመነዘርኩበትና ባወጣሁበት ቀን መካከል ያለው ርቀት ነው። የዚያን ርቀት ደግሞ የተወሰነውን በእጅ ማሳጠር ይቻላል።

ወደ ኋላ ልመለስ። ከሐምሌ 2016 በፊት የነበረውን የረሳ ሰው ካለ፣ ከውጭ የመጣልኝ ገንዘብ ባንክ እንደገባ በባንኩ ዋጋ ብር ይሆን ነበር። ባንክ 57 ሲል ጥቁር ገበያው ከ110 በላይ ይል ነበር። መርካቶ ያለው ነጋዴ ዕቃውን የሚተምነው በየትኛው እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ስለዚህ እኔ በ100 ዶላሬ የምገዛው ዕቃ ሌላው በ50 ዶላር የሚገዛው ነበር። ይህ ኪሳራ ደረሰኝ የለውም፤ ማንም አይነግርህም፤ ወር በገባ ቁጥር ብቻ «ይሄን ያህል ሠርቼ ለምን አይበረክትም?» ትላለህ።

በጥቁር ገበያ ምንዛሪ ላይ አንድ ነገር ልበልና ልለፈው። ሕገ ወጥ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ሰዉ የማያስበው ሌላውን ጣጣ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደንበኛዋ 1,500 ዶላር አሜሪካ ላለ፣ በአካል ለማታውቀው ሰው እንዲልክላት አደረገች፤ ብሩን እዚህ ያለው መንዛሪ ሊሰጣት። ግማሹን ሰጣት። ለቀሪው «ነገ» አለ። ሦስተኛው ቀን ላይ ስልኩ ተዘጋ። ማንን ትክሰስ? ደንበኛዋ ከፍሏል፤ ያንን የሂሳብ ቁጥር በጽሑፍ የሰጠችውም ራሷ ናት። በተጨማሪ ደግሞ ለባንክም ለግብር ቢሮም የምታሳየው ገቢ የላትም፤ ለቤት ብድር ስትጠይቅ ያ ሁሉ ዓመት እንዳልሠራች ተቆጠረባት። አሁን በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል ያለው ልዩነት እንደዚያን ጊዜው አይደለምና ለእኔ ነገሩ ያለቀለት ነው።

ከሁሉ የመረረኝ ኪሳራ ግን ባንክ ቤት የደረሰብኝ አይደለም። ሰኔ 2016 ላይ አንድ አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ትልቅ ሥራ ሰጠኝ። ሥራው የውጭ ነው፤ እነሱ በዶላር ይቀበላሉ፤ ለእኔ በብር ይከፍላሉ። ሒሳቡን አብረን ነው የሠራነው፦ 1,800 ዶላር በዕለቱ የባንክ ዋጋ ሲባዛ 103,464 ብር። ውሉ ላይ የተጻፈው ይህ የብር ቁጥር ብቻ ነው። ሥራው አራት ወር ፈጀ፤ ክፍያው ጥቅምት 2017 ላይ ተፈጸመ። በዚያን ጊዜ ዶላር ከ110 በላይ ነበር። እነሱ ያን 1,800 ዶላር ሲመነዝሩ ወደ 200 ሺህ ብር ያገኛሉ፤ ለእኔ 103,464 ሰጡኝ። ሄጄ ተነጋገርኩ። ሥራ አስኪያጇ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ውሉን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «እህቴ፣ ዶላሩ ወርዶ ቢሆን ትመልሺልኝ ነበር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ትክክል ናት እኮ። ቁጥሩን ስፈርም አደጋውን በሙሉ እኔ እንደተሸከምኩ አላየሁትም ነበር።

በዚያ ምሽት ነው ደብተር የገዛሁት። ባለ 50 ቅጠል፣ የተማሪ ደብተር። በየገጹ አራት ዓምድ አሰመርኩ፦ ዋጋ የቆረጥኩበት ቀን፣ ኢንቮይስ የላክሁበት ቀን፣ ገንዘቡ የገባበት ቀን፣ የመነዘርኩበት ቀን። ከየቀኑ ሥር የዕለቱን የባንክ መግዣ ዋጋ እጽፋለሁ፤ ባንኮች በየማለዳው ስለሚያወጡት ፈልጎ ማግኘት አያስቸግርም። የድሮ ሥራዎቼን ከኢሜይል እየቆፈርኩ መልሼ ሞላሁት። ያየሁት አስደነገጠኝ። ዋጋ ከቆረጥኩ እስከ መነዘርኩበት ድረስ በአማካይ 70 ቀን ያልፋል። ከዚያ ውስጥ ሥራው የሚፈጀው 25 ቀን ብቻ ነው። ቀሪው 45 ቀን የእኔ ስንፍናና የደንበኛው ልማድ ነበር፦ ሥራውን ከጨረስኩ በኋላ ኢንቮይስ ለመላክ ሳምንት እቆያለሁ፤ ደንበኛው «በ30 ቀን ውስጥ እንከፍላለን» ይላል፤ ገንዘቡ ሲገባም ባንክ ለመሄድ «ሰኞ እሄዳለሁ» እያልኩ አሳልፋለሁ።

በዶላር የሚከፈለው ሰው እዚህ ላይ «ብሩ እየወረደ እስከሆነ ድረስ መዘግየቱ ይጠቅመኛል» ሊል ይችላል። ዶላሩ በእጄ ከሆነ አዎ። ዋጋው በብር ከተቆረጠ ግን እያንዳንዱ ቀን የሚበላው ከእኔ ነው። ስለዚህ ሥራዎቼን ለሁለት ከፈልኳቸው። ከውጭ ደንበኛ ጋር በቀጥታ የምሠራው በዶላር ተቆርጦ በዶላር ይገባል፤ እዚያ ላይ 30 ቀን መጠበቅ ያን ያህል አያስጨንቀኝም። በብር የምዋዋለው የአገር ውስጥ ሥራ ግን አጭር መሆን አለበት፦ ግማሹ ቅድሚያ፣ ከሁለት ወር በላይ የሚፈጅ ከሆነ በየወሩ የሚከፈል። ይህን ስል አንዳንድ ሥራ አምልጦኛል። አምልጦኝም ጦም አዳሪ አልሆንኩም።

አሁን ወደ ዶላር ሒሳቡ። በዚያው ሐምሌ 2016 የወጣው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ፣ ኤፍኤክስዲ/01/2024፣ አገር ውስጥ የሚኖር ኢትዮጵያዊም ከውጭ የተላከለትን ወይም በውጭ ምንዛሪ የተከፈለውን ገንዘብ በውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲያስቀምጥ፣ ከዚያም ላይ ከውጭ ለሚገዛው አገልግሎት እንዲከፍል ይፈቅዳል። እኔ ይህን ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነው። በዚያ ሰኞ የመነዘረልኝ ልጅም የሚያውቅ አይመስለኝም፤ መመሪያው የወጣው በዚያው ሰሞን ነው። ሒሳቡን ስከፍት ሁለት ቅርንጫፍ «እኛ ጋ አይቻልም» ብለው መልሰውኛል፤ ሦስተኛው በአንድ ቀን ከፈተልኝ። የጠየቁኝ መታወቂያ፣ ከደንበኛዬ ጋር ያለኝ ውል፣ ሦስት ኢንቮይስና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የሚገልጽ ማመልከቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ቅርንጫፍ ከመለሰህ ተስፋ አትቁረጥ፤ የውጭ ባንክ አገልግሎት ክፍሉን በቀጥታ ጠይቅ፤ ወረቀቱን ሁሉ አሟልተህ ሂድ።

ሒሳቡ ለምን እንደጠቀመኝ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። የምሠራበት የትርጉም ሶፍትዌር በዓመት ሁለት ጊዜ በዶላር ይከፈላል። ድሮ ዶላሬን ሁሉ መንዝሬ ስጨርስ መክፈያ የለኝም፤ ፍራንክፈርት ያለው ወንድሜ በካርዱ ይከፍልልኛል። እኔ ደግሞ በምትኩ ለእናታችን በብር እሰጣለሁ። አንድ ጊዜ «በስንት እናስላው?» ተባባልን። በባንኩ ዋጋ ካሰላሁት ወንድሜን ጎዳሁት፤ በጥቁር ገበያው ካሰላሁት ደግሞ በ57 የሸጥኩትን የራሴን ዶላር በ110 መልሼ ገዛሁት ማለት ነው። ዝም ብዬ በ110 ሰጠሁ። እናቴ ገንዘቡን ስትቀበል «ምነው ዘንድሮ በዛ?» ብላ መርቃኛለች።

ዛሬ ከሚገባልኝ ዶላር መጀመሪያ የማነሣው በዶላር የምከፍለውን ነው፦ ሶፍትዌሩን፣ የኢንተርኔት ማከማቻውን፣ ላፕቶፕ ቢበላሽ ለመተካት የምይዘውን መጠባበቂያ። እሱ ብር አይሆንም። ባንክ የሚገዛበትና የሚሸጥበት ዋጋ እንደሚለያይ አትርሱ፤ በዚያች ሐምሌ 22 ቀን እንኳ እኔ የሸጥኩበት ባንክ 74.73 ሲገዛ 76.23 ይሸጥ ነበር። ብር አድርገህ መልሰህ ዶላር ስትገዛ፣ ካገኘህ ማለት ነው፣ ልዩነቱን ከኪስህ ትከፍላለህ።

ቀሪው የኑሮ ገንዘብ ነው፤ ኑሮዬ ደግሞ በብር ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚያየኝ እንደ ሞኝ ነው፤ በወር ሁለቴ፣ በ5ኛውና በ20ኛው ቀን፣ ዋጋው ምንም ይሁን ምን የሁለት ሳምንት ወጪዬን እመነዝራለሁ። ሦስት ባንክ ደውዬ ዋጋ አወዳድራለሁ፤ ከዚያ አላስብም። ይህን ልማድ የያዝኩት ተቃራኒውን ሞክሬ ስለተቃጠልኩ ነው። ከሐምሌው ትምህርት በኋላ «ከእንግዲህ አልቸኩልም» ብዬ 2017 ታኅሣሥ ላይ ዶላሬን ይዤ ተቀመጥኩ። ዛሬ ይጨምራል፣ ነገ ይጨምራል ስል የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰ። መመንዘር አልፈለግሁም፤ ከአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ተበደርኩ። እስከ መጋቢት ዶላሩ የተንቀሳቀሰው በጥቂት ብር ነው። የብድሩን ወለድ ስደምረው ከዚያ በልጦ ተገኘ። በሐምሌ በመቸኮል፣ በታኅሣሥ በመጠበቅ ከሰርኩ። ሁለቱም ጊዜ የሠራሁት ስህተት አንድ ነው፤ ዋጋውን ልገምት መሞከሬ።

ሌላው፣ ማንኛው ወጪ ዶላሩን እንደሚከተልና ማንኛው እንደማይከተል ለይቶ ማወቅ ነው። የቤት ኪራዬ ለምሳሌ አይከተልም። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለሚያዝ፣ አከራዬ ወረዳ ሄደን ያስመዘገብነውን ውል እያየ ዶላር ጨመረ ብሎ ሊያስወጣኝ አይችልም። ይህን ቋሚ ወጪ በብር አስቀድሞ መያዝ ምንም አይጎዳም። ዘይት፣ ስልክ፣ መድኃኒት፣ የመኪና ጎማ ግን ይከተላሉ። ለእነሱ የሚሆን ብር ሦስት ወር ባንክ ቢተኛ፣ 7 ከመቶ የቁጠባ ወለድ አያድነውም።

ዕቁብን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ ማንም ሲያወራው አልሰማሁምና። ከ2016 መስከረም ጀምሮ በ12 ሰው፣ በወር 10,000 ብር ዕቁብ ገባሁ። ዕጣው ሲወጣ የመጨረሻዋ እኔ ሆንኩ። ሐሳቤ ላፕቶፕ መግዛት ነበር። መስከረም ላይ ያየሁት ላፕቶፕ 85,000 ብር ነበር፤ በዕጣዬ ላይ ገንዘብ ይተርፈኛል። ነሐሴ ላይ 120,000 ተቀብዬ ስሄድ ያው ላፕቶፕ 118,000 ተባለ። በባንክ ዋጋ ብናሰላው ዶላር በእጥፍ ገደማ ጨምሯል፤ ላፕቶፑ ግን በእጥፍ አልጨመረም፤ ነጋዴው ድሮም የሚተምነው በባንክ ዋጋ አልነበረማ። ይህን ያስተማረኝ ላፕቶፑን የሸጠልኝ ልጅ ነው፤ ካልኩሌተሩን ይዞ እየሳቀ። ኪሳራህን ለመለካት የባንኩን ሰሌዳ ብቻ አትይ፤ ልትገዛው ያሰብከው ዕቃ ስንት ጨመረ ብለህ ጠይቅ። ከዚያ ወዲህ ዕቁብ ስገባ ዕጣው ዘግይቶ ከደረሰኝ ቀደም ያለውን ሰው ተራ ጥቂት ጨምሬ እገዛለሁ። ዳኛችን መጀመሪያ ላይ «አንቺ ልጅ ዕቁቡን ንግድ አደረግሽው» ብሎ አኩርፎኝ ነበር።

ስለ ባንክ ቆረጣ በአጭሩ። 400 ዶላር ተልኮልኝ 372 የገባበት ጊዜ አለ። 28ቱን የበላው በመሐል ገንዘቡን ያሳለፈ ሌላ ባንክ ነው፤ የእኔ ባንክ ስጠይቀው ይህን ነገረኝ። ላኪው ሲልክ የማስተላለፊያውን ወጪ ላኪው፣ ተቀባዩ ወይስ ሁለቱ እንደሚሸፍኑ ይመርጣል፤ አሁን ውሌ ላይ ላኪው እንደሚሸፍን አስገባለሁ። ትንንሽ ክፍያዎችንም ለማውቃቸው ደንበኞች በወር አንድ ጊዜ እደምራለሁ። ለአዲስ ደንበኛ ይህን አላደርግም፤ 28 ዶላር ከማዳን የመጀመሪያዋን ክፍያ ቶሎ ማየት ይሻለኛል።

ዶላር የሚያገኝ ሰው ሁሌ አትራፊ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የወንድሜን እነግረዋለሁ። ጀርመን ተቀምጦ ለአንድ የአሜሪካ ድርጅት በኮንትራት ይሠራል፤ በወር 3,000 ዶላር። በፈረንጆቹ 2025 መጀመሪያ አንድ ዩሮ 1.03 ዶላር ገደማ ስለነበር ገንዘቡ ወደ 2,910 ዩሮ ይሆንለት ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ ማብቂያ ላይ ዩሮው 1.17 አለፈ፤ ያው 3,000 ዶላር 2,560 ዩሮ ገደማ ሆነ። ሥራው አልቀነሰ፣ ኪራዩ አልቀነሰ፤ 350 ዩሮ በየወሩ በነነ። ስልክ ደውሎ «እናንተ ጋ ብር ሲወርድ ዶላር ያድናል፤ እኔ ጋ ዶላሩ ራሱ ወረደ» ሲለኝ መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሱ ያደረገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለእናታችን የሚልከውን ወደ ዩሮ ሳይቀይር ከዶላሩ ላይ በቀጥታ መላክ ጀመረ፤ በመሐል አንድ ቅያሪ ቀረለት። ሁለተኛ፣ ኮንትራቱ ሲታደስ ግማሹ በዩሮ እንዲቆረጥለት ጠየቀ። ለሁለተኛው አሠሪዎቹ ሦስት ወር አንገራገሩ፤ በመጨረሻ ሲሶውን በዩሮ አደረጉለት። ሙሉውን በዩሮ አለመጠየቁ ብልህነት ይመስለኛል፤ ዶላሩ መልሶ ቢነሣ ደግሞ እሱም ያዝን ነበር።

የዚያችን ሥራ አስኪያጅ ነገር ልጨርስ። ባለፈው ዓመት መልሳ ደወለችልኝ፤ ሌላ ሥራ፣ አራት ወር የሚፈጅ። «እሺ፣ ግን ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር» አልኳት። ጽፌ ይዤላት ሄድኩ፦ «ክፍያው በብር ይፈጸማል። የዕለቱ የባንክ መግዣ ዋጋ ውሉ ከተፈረመበት ቀን ዋጋ ከ5 ከመቶ በላይ ከራቀ፣ ያልተከፈለው ቀሪ ክፍያ በዚያው ልክ ይስተካከላል።» የትኛው ባንክ እንደሆነም አስቀምጫለሁ፤ ይህ ካልተጻፈ ሁለት ሰው ሁለት ባንክ ይጠቅሳል። መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ቢወርድም ይሠራል?» አለችኝ። «ቢወርድም ይሠራል፤ እኔም እመልሳለሁ» አልኳት። ያኔ ሳቀችና እስክሪብቶዋን አንሥታ 5ን ሰርዛ 10 ጻፈች። እኔ 10ን ሰርዤ 7 ጻፍኩ። ሁለታችንም ከጎኑ ፈረምንበት።

ሥራው አልቆ የመጨረሻው ክፍያ ሲፈጸም ደብተሬን ከፍቼ አሰላሁት። ዶላሩ ከፈረምንበት ቀን 6.4 ከመቶ ርቆ ነበር።